ማኅበር ገብቼ ቆብ የደፋሁ ጊዜ

ሰው ማኅበር ገብቶ ጽድቅ ያገኛል፤ እኔ ማኅበር ገብቼ ፀጉሬን አጣሁ። እንዲያም ሆኖ ዛሬ አንዲት ልጅ መጥታ «ኮሌጅ ልገባ ነው፤ ከሴቶቹ ጋር በማኅበር ልኑር ወይስ ብቻዬን?» ብትለኝ፣ ሳላስጨርሳት «ግቢ!» ነው የምላት። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ይህን ወሬ ከጀመርኩ ቶሎ አልነሣም። ልጆቼ ስለሚያውቁኝ «በዚያ በማኅበሩ ጊዜ...» ስል ከሰሙ ጫማ ፍለጋ ይነሣሉ። እናንተ ግን እንግዶች ናችሁ፤ ይሉኝታ ይዟችሁ ትቀመጣላችሁ።

ፍኖተ ሰላም የገባሁት ዐሥረኛ ክፍል ተፈትኜ፣ «ዐሥር ሲደመር ሁለት» የሚባለው ደርሶኝ ነው። ዐሥር ሲደመር ሁለት ዐሥራ ሁለት እንደሚሆን አባቴን ለማስረዳት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል። «ዐሥራ ሁለተኛ ከሆነ ዐሥራ ሁለተኛ አይሉትም ወይ? ለምን ይደምሩታል?» ይለኝ ነበር። የተመደብኩት ሴክሬታሪ ነው። አባቴ በመጨረሻ ፈቀደ፤ ግን ከጅጋ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን እስከ አስፋልቱ ሲሸኘኝ አንድ ነገር ተናገረ። «አንዴ ላስተምርሽ። ከወደቅሽ ወይም ከቀረሽ፣ ሁለተኛ የለም። ቤት ነሽ» አለኝ። አባቴ ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ቆይቶ በኋላ እርሻ የገባ ሰው ነው፤ ቃሉን እንደ ሞፈሩ ቀጥ አድርጎ ነው የሚይዘው።

የመጀመሪያውን ዓመት ብቻዬን ተከራይቼ ኖርኩ። ብቻውን የሚበላ ሰው ሽሮው እንኳ ይታዘበዋል። ስታመም ራሴን «እንዴት አደርሽ?» እላለሁ፤ ራሴው «ደኅና» እላለሁ። አንዴ ቁልፍ ጠፍቶብኝ ውጭ ስቀመጥ የአከራዬ ውሻ እንኳ አዝኖልኝ መጥቶ አጠገቤ ተኛ። ሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ አከራዬ ቤቱን ለሌላ ሰጠችውና፣ ዕቃዬን ይዤ አራት ሴት ተማሪዎች በጋራ ወደሚኖሩበት ግቢ ሄድኩ።

ያ ዘመን የመደራጀት ዘመን ነው። በየስብሰባው «ተደራጁ!» ይባላል። ገበሬው ተደራጅቷል፤ ጫማ ጠራጊው ተደራጅቷል፤ ድንጋይ ፈላጩ ተደራጅቷል። ሳይደራጅ የቀረ ዝንጀሮ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በቆሎ ሊበላ ሲመጣ ተደራጅቶ ነው። እነዚህም አራት ሴቶች ተደራጅተው ቤታቸውን «ማኅበር» ብለውት ነበር። ጠበል የለው፣ ዳቦ የለው፣ እንዲያው ማኅበር።

የማኅበሩ አለቃ የቡሬ ገጠር ልጅ ናት፤ ስሟ ሙሉነሽ። ግን ስሟን የሚያውቅ መዝገብ ቤት ብቻ ነበር፤ እኛ «እማሆይ» ነው የምንላት። ዕድሜዋ ሃያ፣ ሳቅ የማታውቅ፣ ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ የምታጠና ልጅ ናት። ስሙን ያወጣችላት ብርቱካን ነች። ብርቱካን የመራዊ ልጅ፣ ትምህርቷ ኤሌክትሪሲቲ፣ አፏ ደግሞ ቆጣሪ የሌለው። የቀሩት ሁለቱ የማንኩሳ ልጆች ናቸው፤ አንዷ የጀመረችውን ዐረፍተ ነገር ሌላዋ ስለምትጨርሰው ሁለቱን እንደ አንድ ብትቆጥሯቸው አይቀየሙም።

እማሆይ አስቀምጣ ጠየቀችኝ። «ታንኮራፊያለሽ?»

«አላውቅም፤ ያን ጊዜ ተኝቼ ነው የምሆነው» አልኳት።

ብርቱካን ሳቀች፤ እማሆይ አልሳቀችም። «አትዋሽም። ገባች» አለች። በዚህ ሁኔታ ማኅበር ገባሁ።

ጥቅሙን ልንገራችሁ። ሦስት ጥንድ ጫማ ለአምስት ነበረን፤ ግን እያንዳንዳችን ሦስት ጥንድ ጫማ ነበረን ማለት ነው። የሒሳብ አስተማሪ ይህን ይፍታው። ከኛ ቤት ሽሮና በርበሬ ይመጣል፤ ከቡሬ ድንች ይመጣል፤ ከመራዊ በቆሎ ይመጣል፤ ከማንኩሳ ሁለት አፍ ይመጣል። ጥቅምት ላይ ወባ ጣለችኝ። ስቃዥ እናቴን እየጠራሁ ነበር አሉ፤ በጠራኋት ቁጥር አንዳቸው «አቤት ልጄ» ይሉኛል። መኪና ታጥቶ እማሆይ በጀርባዋ አዝላ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። እኔ ደግሞ ቀላል ሴት አይደለሁም። ያን ቀን ነው በልቤ «ከነዚህ ልጆች የሚለየኝ ሞት ነው» ያልኩት። ሞት ሳይሆን ካውያ መጣ።

ታኅሣሥ ገብቶ ነበር። ብርቱካን «የማኅበር ፎቶ እንነሣ» አለች። ሁላችንም ፎቶ ቤት ለመሄድ ስንሰናዳ፣ የኔ ፀጉር ከረደደ። «ነይ እኔ እተኩስልሻለሁ፤ ለካውያ ብለሽ ለምን ፀጉር ቤት ትሄጃለሽ? እኔ ኮረንቲ አይደለም የምማረው?» አለችኝ ብርቱካን። እኔ ሞኟ ኮረንቲ መማርና ፀጉር መሥራት ዝምድና ያላቸው መስሎኝ፣ ጠረጴዛው ላይ በታጠፈው ብርድ ልብስ ላይ ራሴን ጣል አደረግሁ። የልብስ ካውያ ነው፤ ሌላ የለንም። ገና አንድ ሁለቴ እንደሳበችው መብራት ድርግም አለ።

መብራት ሲሄድ ምን ይደረጋል? ይወራል። ብርቱካን ካውያውን ፀጉሬ ላይ እንዳጋደመች ስለ አንድ አስተማሪያቸው ማውራት ጀመረች። እኔም ራሴን ካስጠጋሁበት አላነሣሁም፤ ብርድ ልብሱ ይሞቃል፣ ወሬው ይጥማል፣ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። ከዚያ መብራት መጣ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ምን እንደሚደረግ የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል፤ መንደሩ ሁሉ «መጣ! መጣ!» ብሎ ይጮኻል። የኛም ቤት ጮኸ። የማንኩሳዎቹ እልል አሉ። በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል ካውያ የሚባል ነገር ያስታወሰ አልነበረም።

እማሆይ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ «ማነው በዚህ ጾም የበግ ራስ የሚለበልበው?» አለች።

በጉ እኔ ነበርኩ። ቀና ስል ከቀኝ ጆሮዬ በላይ ያለው ፀጉር ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ። ቆዳዬን ለጥቂት ሳተው፤ ተመስገን። ብርቱካን አንድ ጊዜ «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች፤ እሷ ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ብርቱካንም ለቀቀችው፤ የማንኩሳዎቹም በተራ በተራ። እማሆይ ብቻ አላለቀሰችም። ምላጭ አመጣች። «ግማሽ ፀጉር ከእብድ ነው የሚያስቆጥረው። ጨርሰን እንላጨውና ይብቀል» አለች። ተላጨሁ። የማንኩሳዎቹ ሹራብ ሥራ ያውቃሉና በሁለት ቀን ቆብ ሠሩልኝ። ቀይ ወይ ሰማያዊ ቢሆን ምን ነበረበት? በቤቱ የተረፈው ክር ግን ጥቁር ብቻ ነበር።

ጥቁር ቆቤን አድርጌ ኮሌጅ ተመላለስኩ። የሳቀብኝ ሳቀ፣ ለመድኩት። ነገር የመጣው በቅዳሜው ገበያ ነው። ውሃ ወረፋ ደርሶን ጄሪካን ይዤ ስሮጥ፣ የመንደራችን ሰው ጋሸ ደሴ ፍየል እየጎተተ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ጋሸ ደሴ ከአባቴ ጋር ማሳ የሚዋሰን፣ ወሬ ደግሞ ከማንም ጋር የማይዋሰን ሰው ነው።

«አንቺ ልጅ!» አለ ቆቤን እያየ። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

ወረፋው ሊያልፈኝ ነው፣ ቸኩያለሁ። በአንድ ትንፋሽ፣ «ደኅና ነኝ ጋሸ! ፀጉሬን ተላጭቼ ነው። ማኅበር ገባሁ እኮ! እማሆይ እየጠበቀችኝ ነው፣ ልሂድ፤ አባየን ሰላም በሉልኝ!» ብዬው ሮጥኩ።

አሁን ፍረዱኝ። አንዲት ውሸት አለችበት? የለችበትም። ዞር ብዬ ሳይ ጋሸ ደሴ ባርኔጣውን አውልቆ ያማትባል። ለጾም መፍቻ ሊሸጥ ያመጣትን ፍየል ሳይሸጣት ይዟት ተመለሰ አሉ። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ማን ፍየል ይሸጣል?

በሳምንቱ ዓርብ የታይፕ ፈተና ነበረብኝ፤ በስምንት ሰዓት። ከአምና ጀምሮ የደከምኩበት ፈተና ይህ ነው፤ ያን ቀን ያልተገኘ ለከርሞ ነው የሚጠብቀው። ለኔ ደግሞ ከርሞ የሚባል ነገር እንደሌለ አባቴ ተናግሯል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በር ላይ ተቀምጬ በጉልበቴ ላይ ጣቶቼን ሳለማምድ የግቢው በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አባቴ ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ ከነዱላው ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ?» አለኝ።

ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት ዞርኩ። ማንም የለም። አባቴ እኮ ነው! ወልዶ ያሳደገኝ፣ በልምጭ የገረፈኝ አባቴ «አደሩ» ይለኛል!

«አባየ፣ ምነው? ማን ሞተ?» አልኩ።

«አንቺ ነሽ እንጂ የሞትሽ» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ለዓለም የሞትሽ አንቺ። እናትሽ እህል ከቀመሰች አራት ቀኗ ነው። ደግሞ ለመላጨት፣ ደግሞ ቆብ ለመድፋት! አባት የሌለሽ ይመስል ሳትጠይቂኝ? ልወስድሽ ነው የመጣሁ። ዕቃሽን አሰናጂ።»

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝና ሳቄ መጣ። የአባቴን ዓይን ሳይ ግን ተውኩት። «አባየ፣ እኔ አልመነኮስኩም! ደግሞ ዛሬ መሄድ አልችልም፤ በስምንት ሰዓት ፈተና አለብኝ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ፈተናማ አለ። በዚህ ዕድሜ ቆብ የጫነች ፈተና ሳይኖርባት ይቀራል? ሰይጣን መች ይተኛል?»

«የታይፕ ፈተና ነው አባየ!»

«ስሙን ይቀያይራል» አለ።

በዚህ መሐል ማን ብትወጣ ጥሩ ነው? እማሆይ። ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ፣ ዓይኗን ጥናት አድክሞት፣ ደብተር በደረቷ አቅፋ። ከኋላ ብርቱካን «እማሆይ፣ ማነው የመጣው?» ብላ ጮኸች። አለቀ። አባቴ ዱላውን ጥሎ እጅ ነሣ። እማሆይ ደግሞ የሰው ወግ የምታውቅ የባላገር ልጅ ናትና ከእሱ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። እሱ ከእሷ ዝቅ አለ። እሷ ከእሱ። እኔ ካልገባሁባቸው አፈር ሊነኩ ነበር።

«በጸሎትዎ ያስቡኝ፣ እማሆይ» አለ አባቴ። «ይህችን ልጅ ግን ይመልሱልኝ።»

እማሆይ ቅጽል ስሟን ከኔ የሰማ ጨዋ አባት መሰላት። «አባባ፣ አይስጉ፤ ይቀመጡ» አለችው ረጋ ብላ። «ልጅዎ በደኅና እጅ ነች። እንግዲህ እኛም የሷ ነን፣ እሷም የኛ ናት። ማን ይወስዳታል?»

አባቴ ደረቱን እንደ ተመታ ሰው ቁጭ አለ። እኔ ደግሞ ነገሩን ላስረዳ ብዬ «አባየ፣ ይኸው ይዩ!» ብዬ ቆቤን ባወልቅ፣ ገና ጠጉር ያልያዘ ራሴ ብልጭ አለ። እሱም በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። አንዳንድ ጊዜ እውነት ባትታይ ይሻላል።

ብርቱካን ልታድነን መጣች። «አባባ፣ እመኑን፤ እኛ መነኮሳት አይደለንም። ተማሪዎች ነን!»

አባቴ ጋቢውን ገለጥ አደረገ። «ልጄ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደግሁ ሰው ነኝ። እውነተኛ መነኩሴ መነኩሴ ነኝ አይልም። ውዳሴ ከንቱን ይሸሻል» አላት። ብንክድ ትሕትና ነው፤ ብናምን ምንኩስና ነው። በየት ይወጣል?

ይህ አልበቃ ብሎ ዓይኑ በራችን ላይ ወደተለጠፈው የቤቱ ደንብ ሄደ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያውም አሳምሬ። አባቴ ተነሥቶ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው እየጎተተ ያነበው ጀመር።

«‘ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ከቅጥሩ መውጣት አይቻልም።’ እሺ። ‘ወንድ፣ አባትም ይሁን ወንድም፣ ይህን ደጅ አያልፍም።’» እዚህ ላይ እግሩን ወደ ኋላ መለሰ። «‘ልብስና ጫማ፣ ምግብና ሳሙና የጋራ ነው፤ የኔ ማለት የለም።’ አዬ! እንደ ጥንቱ አበው። ‘ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ዝምታ ነው፤ የተናገረች በማግስቱ ውሃ ትቀዳለች።’ ቀኖና ነው እንግዲህ። ‘እማሆይ ያለችው ይሆናል።’» ዞር ብሎ አየን። ዕንባው ጉንጩ ላይ ወርዷል። «ምን ቀራችሁ ልጆቼ? ዋልድባስ ከዚህ ምን ይብሳል?»

እኔ ስጽፈው የክርስቶስን ገዳም እየደነገግሁ መሆኔን ማን ነገረኝ?

ሰዓቱ ይሄዳል። አምስት ሆነ። ስድስት ሆነ። የማንኩሳዎቹ እንግዳ ነውና ምሳ አቀረቡ፤ ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፣ ያለን ንፍሮ ብቻ ነው። አባቴ ንፍሮውን አይቶ «ይህ የዋልድባ መነኮሳት የሚመገቡት ቋርፍ ሳይሆን ይቀራል!» አለና ባሰበት። «ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ጅጋ የሚሄድ መኪና አለ። ልጄ በዚያ ትሄዳለች። የፈለገ ይምጣ» አለና በሩ ላይ ዱላውን አጋድሞ ተቀመጠ። አባቴን አውቀዋለሁ፤ ከተቀመጠበት የሚያስነሣው የለም። ሁሉም ነገር እጄ ላይ ሲበተን ታየኝ፤ ታይፑ፣ ትምህርቱ፣ እነዚህ አራት ልጆች። ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ።

አራቱ ደግሞ ፈርተዋል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። ሰው ሲፈራ እንዴት መነኩሴ እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። ጨዋ በሆንን ቁጥር ቆባችን እየጠለቀ ሄደ።

ያዳነን ጫማ ነው።

ብርቱካንም በስምንት ሰዓት የወርክሾፕ ፈተና ነበራት። ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና ከአልጋ ሥር ሽፍኑን ጥቁር ጫማ ሳበች። አንደኛዋ የማንኩሳ ልጅ «ዛሬ የሷ ተራ...» ስትል ሌላዋ «...አይደለም ወይ?» አለች ወደኔ እያሳየች። ብርቱካን «እሷ መቼ ትሄዳለች? አባቷ ሊወስዷት አይደል?» አለች።

በቃ። የእማሆይ ፊት ተለወጠ። ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ወገቧ ላይ አሰረችው።

«አንቺ!» አለች፤ ግቢው ተናጋ። «አንቺ አይደለሽም ይህን ሁሉ ጉድ ያመጣሽ? ኮረንቲ እማራለሁ ትያለሽ፣ ካውያ መንቀል አታውቂ! የልጅቷን ፀጉር አንድደሽ መላጣ አስቀረሻት፣ አሁን ደግሞ ጫማዋን ትወርሻለሽ? አንቺ የመራዊ በቆሎ! ከላይ ጭገር ብቻ፣ ውስጥሽ ባዶ!»

ብርቱካን ስድብ ወድቆባት አያውቅም። «ኧረ እናንተ ቡሬዎች! አንቺ ድንች! መሬት ውስጥ እንደ በቀልሽ የቀረሽ! እኔ ነኝ መብራቱን ያመጣሁት? ካውያው ላይ ተኝታ ያንኮራፋች እሷ! ስትገባ ታንኮራፊያለሽ ወይ ብለሽ የጠየቅሽ አንቺ! ደግሞ ቆቡን ጥቁር ያደረጉት እነሱ!»

«ሌላ ክር...» አለች አንዷ ማንኩሳ። «...ስላልነበረ ነው፣ ያንቺን አንገት ልብስ ልንተረትረው ነበር እንዴ?» አለች ሌላዋ።

ብርቱካን ጫማውን ወረወረች። እማሆይ ዝቅ አለች። ጫማው በላይዋ አልፎ አባቴ ጉልበት ላይ ድብ አለ።

አባቴ ጫማውን አነሣው። ጫማውን አየ፤ እማሆይን አየ፤ ወገቧ ላይ የታሰረውን ነጠላ አየ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ስጠጋው፣ ሰውዬው እየሳቀ ነው! እያሳለው ይስቃል፤ ዕንባው እየወረደ ይስቃል።

«ተመስገን!» አለ። «ተመስገን አምላኬ! ብዙ መነኩሴ አይቻለሁ፤ እንዲህ የምትሰድብ ግን አላየሁም! ድንች አለቻት!» ደግሞ ሳቀ። «እስቲ ልጄ፣ ያን የካውያ ነገር እንደገና ንገሩኝ።»

ነገርነው። አምስታችንም በአንድ ጊዜ ስለነገርነው ሁለት ጊዜ መድገም ነበረብን። መብራቱ መጣ ስንለው «እና እልል አላችሁ?» ይለናል። ለጋሸ ደሴ ያልኩትን ስነግረው ግን ሳቁን አቆመና ጢሙን ያሻሽ ጀመር።

«ሌላም ነገር አለ» አለ መሬት እያየ። «ሽማግሌ ተልኮብሽ ነበር። ለጥር ልድርሽ ቃሌን ሰጥቼ ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ ታጭቻለሁ፤ ድግሴ ሊጠመቅ ነው፤ እኔ እዚህ ስለ ጫማ ተራ እጨቃጨቃለሁ!

«ሰውዬው ደግ ነው» አለ አባቴ። «ሁለት ጥንድ በሬ አለው።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ፣ አባየ?» አልኩት። በሕይወቴ አባቴ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ነው። «ሳትጠይቂኝ ቆብ ደፋሽ ብለው ከጅጋ ድረስ መጡ። እርስዎስ ሳይጠይቁኝ ሊድሩኝ አልነበረም?»

አባቴ ረጅም ጊዜ ጫማውን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ።

«እውነትሽን ነው» አለ በመጨረሻ። «ማንም አልጠየቀሽም።» ከዚያ ቀና አለ። «ሽማግሌዎቹ ማክሰኞ መጥተው ነበር። ‘ለእግዜር የታጨችን እኛ አንነካም፤ ይቅርታ አድርግልን’ ብለው ቃላቸውን መልሰው ሄዱ።»

ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ አይደል? ያ የነደደ ፀጉሬ! አንድም ዘለላ ሳይቀር እንኳን ነደደ!

«እና አሁን አልመነኮሰችም ካልኳቸው» አለ አባቴ፣ «በነጋታው ይመለሳሉ። ምን ልበል?» ጠየቀኝ እኮ! አባቴ፣ ምን ልበል ብሎ እኔን!

«ልማር፣ አባየ» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጫማውን አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ እግሬ ሥር አስቀመጠው። «ስንት ሰዓት ነው ያልሽ ፈተናው?»

«ስምንት።»

«ተነሽ እንግዲህ፣ ምን ትገተሪያለሽ?» ዱላውን ከበሩ ላይ አነሣ። «ለነሱ የምለውን ለኔ ተይው። እኔ አልዋሽም። ቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ ሰው መዋሸት አያስፈልገውም።»

ሮጥኩ። ብርቱካን በነጠላ ጫማ ከጎኔ ሮጠች። ጻፍኩ፤ ከክፍሌ ሦስተኛ ወጣሁ። ማታ ስመለስ አባቴ ሄዷል፤ ንፍሮውን ግን ጥርግ አድርጎ በልቶታል።

የቀረውን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ሁሉ ዋርካው ሥር አባቴን ከበበው። ጋሸ ደሴ አለ፤ ሽማግሌዎቹ አሉ፤ ባለ ሁለት ጥንድ በሬውም ጥግ ቆሟል። «እንዴት አገኘሃት?» አሉት።

አባቴ መቋሚያውን ተደግፎ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አገኘኋት» አለ። «ቆቧን ደፍታለች። ከእማሆይ ጋር ናት። ከደጃቸው ወንድ አያልፍም፤ እኔንም አባቷን ከበር ነው የመለሰኝ ደንባቸው። የሚበሉት ንፍሮ ነው። ልመልስሽ ብላት ‘ፈተና አለብኝ’ አለችኝ። እኔም ከፈተናዋ ላስቀራት አልደፈርኩም፤ መርቄያት መጣሁ።»

ሰዉ አማተበ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ሳቋ እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሳ ወደ መቃብሩ በኩል ዞረች። የሽማግሌዎቹ ትልቁ ባርኔጣውን አውልቆ «ጸሎቷ ይድረሰን» አለ።

አባቴም ከሁሉም ቀድሞ «አሜን» አለ።